ሦስት አምፕሊፋየርና ያልገባሁበት ቤት

በእኔ ዕድሜ ያለ የጅዳ ሐበሻ አርብ ከሰዓት ሲገናኝ የሚያወራው የታወቀ ነው፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኢቃማ የምንለው የመኖሪያ ፈቃድ እድሳት፣ አገር ቤት ተጀምሮ ጣሪያ ያላየ ቤት። ከስኳሩ በስተቀር ሁሉም አሉኝ፤ እሱም መንገድ ላይ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮኛል። በዚህ ላይ ግን ሌሎቹ የሌላቸው አንድ በሽታ አለብኝ። የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየሮችን ድምፅ አወዳድራለሁ።

ማንኛውንም አምፕሊፋየር አይደለም። የጨዋ አምፕሊፋየር ሥራ የተሰጠውን ድምፅ ሳይጨምር ሳይቀንስ አጉልቶ ማሰማት ነው። እኔ የምወዳቸው እነዚያን «ጌይን» የሚባለው ቁልፋቸው ወደ ቀኝ በዞረ ቁጥር የሚያብዱትን ነው። አንድ ክር ትነካለህ፣ አንድ መንጋ ይጮህልሃል። ባጭሩ ድምፅን ሆን ብሎ ለማበላሸት የተሠራ መሣሪያ ነው። የሰው ልጅ ከፈለሰፋቸው ነገሮች ሁሉ ሐቀኛው እሱ ይመስለኛል። ሌሎቹማ ያሻሽላሉ ተብለው ተሸጠው ነው የሚያበላሹት።

ይህን ስል ጊታር የምችል እንዳይመስላችሁ። አልችልም። ጊታር የማይችል ሰው ግን ስለ ጊታር ድምፅ ያለው አስተያየት ከሚችለው ሰው እጅግ የጠነከረ ነው። እግር ኳስንም ያየን እንደሆነ ያው ነው።

ሰዒድን ያገኘሁት በዚሁ በሽታ ነው። የጅዳ አሮጌ ከተማ በሆነው አል-ባላድ ውስጥ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ጠባብ መተላለፊያ አንድ ቀይ አምፕሊፋየር አይቼ እጄን ጫንኩበት። ከወዲያ በኩል ሌላ እጅ ተጫነበት። የእጁን ባለቤት ሱዳናዊ መስሎኝ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ተከራከርኩት። እሱ ዓረብኛውን እንደ ውኃ ስለሚጠጣው አሸነፈኝ። ዕቃውን ተሸክሞ ጥቂት እንደተራመደ ወገቡን ያዘውና፣ «ኧረ ያ ጀሊል! ምን በልቶ ነው ይሄ እንዲህ የከበደው?» አለ፤ ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ።

«አማርኛ እየቻልክ ነው በዓረብኛ ያሸነፍከኝ?» ብዬ ከኋላው ጮህኩ።

ዘወር ብሎ አየኝ። «በአማርኛማ ብንከራከር ይሉኝታ ይዞኝ እሰጥህ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን። ሰዒድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር መካ ገብቶ እዚያው ዛሂር ሰፈር አድጎ፣ እዚያው አግብቶ የኖረ ሰው ነው። ሥራው የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ነው፤ እኛ እዚህ ሙከይፍ እንለዋለን። በጉብዝናው ዘመን የሠርግ ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። ሐጅ ካደረገ ወዲህ ሙዚቃውን ተወው፤ አምፕሊፋየር መሰብሰቡን ግን አልተወም። የኮንትራት ጊዜያቸውን ጨርሰው የሚሄዱ ፈረንጆች የሚጥሉትን እየለቃቀመ ሦስት አደረሳቸው። «መጫወቱን ትቻለሁ፤ መፈተሽ ግን የእጅ ሙያ ነው» ይላል። ሚስቱ ዘይነባ ደግሞ «እውነቱን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ መፈተሹ ብቻ ነው የሚገርመኝ» ትላለች።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። መካ የሚገባው ሙስሊም ብቻ ነው። መንገዱ ላይ የቆመው ትልቅ ሰሌዳ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ ያለ ሐሜት፣ ያለ ግልምጫ ይናገራል። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። የሰው የተቀደሰ ስፍራ የሰው ነው፤ እኛም ሴት የማትረግጠው ገዳም አለን። ነገሩ የሚከብደው ወዳጅ ሲኖርህ ነው። ሰዒድ ጅዳ በመጣ ቁጥር ክፍሌ ይገባል፤ አልጋዬ ሥር ያለውን አቧራ ሳይቀር ያውቀዋል። እኔ ግን ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ላይ ያለውን የእሱን ቤት አንድም ቀን አላየሁትም። ዘይነባ የሠራችውን ሳምቡሳ ለዓመታት በልቻለሁ፤ የተጠበሰበትን ምድጃ አላውቀውም።

ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምንገናኘው መሀል መንገድ፣ ሹመይሲ ነበር። ሹመይሲ ለሐበሻ ጆሮ ጥሩ ስም አይደለም። ወደ አገር የሚጠረዙ ሰዎች የሚታጎሩበት ማቆያ እዚያ ነው። ስልክ አንስተህ «ሹመይሲ ነኝ» ካልክ በወዲያኛው ጫፍ ለቅሶ ይጀመራል። እኛ ግን ከማቆያው ራቅ ብላ ባለች ነዳጅ ማደያ፣ የመኪናችንን አፍንጫ አንዱን ወደ ጅዳ አንዱን ወደ መካ አዙረን ሻይ እንጠጣ ነበር።

አንድ አርብ እዚያው ሻይ ላይ ሰዒድ «ኹሩጅ አስመታሁ» አለኝ።

ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ማለት ነው። አንዴ ከተመታልህ የተሰጠህ ቀን ሳያልቅ መውጣት አለብህ። ካሳለፍከው ከማደያዋ ወዲያ ያለው ግቢ በሩ ለአንተም ክፍት ነው።

«ለሁልጊዜው?» አልኩት።

«ሁልጊዜማ የአላህ ነው። ለኮምቦልቻ ነው እንጂ።»

ሰው ወዳጁ ሊለየው ሲል የሚናገረው ብዙ ነገር አለ። መጻሕፍት ውስጥ ብዙ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱንም በቃሌ እይዘዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን «አምፕሊፋየሮቹስ?» የሚል ነበር።

ሰዒድ ሳቀ። «አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለእኔ፤ አንዱ ገዢ አለው። መጀመሪያ የምትመርጠው አንተ ነህ። ያኔ አል-ባላድ ላይ የነጠቅኩህ እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል። አንተ ሳትመርጥ ትኬት አልቆርጥም።»

«ሰምቻቸው የማላውቃቸውን እንዴት ብዬ ልምረጥ?» አልኩ። እውነትም ነው። ክብደታቸው ጠላት ነው፤ ወደ ጅዳ ይዟቸው መጥቶ አያውቅም።

«አብሽር፤ ቀድቼ እልክልሃለሁ።»

ጣጣው እዚህ ላይ ጀመረ።

ሰዒድ በዐስርና በመግሪብ ሶላት መካከል መስኮቱን ዘግቶ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ አምፕሊፋየሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ስልኩን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ሦስቱንም በየተራ «ፈተሸ»። በድምፅ መልእክት ላከልኝ። ከፈትኩት። ፀጥታ። ቀጥሎ የሰዒድ ትንፋሽ። ቀጥሎ እንደገና ፀጥታ። መጨረሻ ላይ «ሰማኸው?» የሚል ኩራት የተሞላ ጥያቄ።

ስልክ በዘመናችን ብልህ ሆኗል። የሰውን ንግግር ከጫጫታ ለይቶ ጫጫታውን ያጥባል። ሰዒድ በዚያ ቤት የለቀቀውን ነጎድጓድ ሁሉ፣ ስልኩ ጎረቤት ሞተር ያስነሣ መስሎት ሙልጭ አድርጎ አጥቦታል። ሦስት አምፕሊፋየር፣ ሦስት ፀጥታ።

«የትኛው ይሻላል?» ብሎ ደወለ።

«ሁለተኛው ፀጥታ ወፈር ይላል» አልኩት።

በሌላ መንገድ ቀድቶ ላከ። አሁን ድምፅ አለ። በመልክ እንዳልታለል ብዬ የትኛው ቀዩ፣ የትኛው ጥቁሩ፣ የትኛው ባለ አረንጓዴ መብራቱ እንደሆነ እንዳይነግረኝ አስጠነቀቅኩት። በቁጥር ብቻ ይላክ። ፍርድ ዓይኑን ሸፍኖ ነው። እኔም የምሠራበት መጋዘን ደጃፍ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይበርዘኝ መስኮቱን ዘግቼ፣ የማቀዝቀዣውን ነፋስም አጥፍቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። የጅዳን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው መስተዋቱን አንኳኳ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ከፍቼ፣ ላብ ተጠምቄ አይቶኝ ኖሯል። «ሐይ?» አለኝ፤ በሕይወት አለህ ወይ ማለቱ ነው። አውራ ጣቴን አሳየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ባየኝ ቁጥር የውኃ ጠርሙስ ያቀብለኛል።

ፍርዴን ለሰዒድ በሰፊው ነገርኩት። አንደኛው በጭስ የተቆጣ የንብ ቀፎ ነው። ሦስተኛው ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት የብረት አልጋ ነው። ሁለተኛው ግን፣ አልኩት፣ ሁለተኛው ሌላ ነው። ከጩኸቱ ሥር አንድ ወፍራም፣ የማይቋረጥ እርግብግቢት አለው፤ እንደ በገና። ሰው ሲቆጣና ሲያዝን በአንድ ጊዜ።

«እንግዲያው ሁለተኛው ነው። ኸላስ» አለኝ።

ኸላስ ማለት አበቃ ማለት ነው። እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን «ለማረጋገጥ ያህል አንዴ ድገምልኝ» አልኩ።

ደገመው። ሁለተኛው በገናውን አጥቶ መጣ። ከሁለቱ የማይለይ ተራ ጩኸት።

«ገደልከው!» ብዬ ደወልኩ።

«ኧረ ምንም አልነካሁም ወላሂ!»

ገመድ ቀይር አልኩት፤ ቀየረ። ከግድግዳው አርቀው አልኩት፤ አራቀ። ብርድ ልብሱን አንሣ፣ መልስ፣ ግማሹን ብቻ መልስ፤ ሁሉንም አደረገ። ውስጡን ከፍቶ እንደ አምፖል የሚበሩትን ቱቦዎች ሳይቀር ቀያየረ። በየቀኑ አዲስ ቅጂ ይደርሰኛል፤ በየቀኑ እንደ ሐኪም በስልክ አዝዛለሁ። የኹሩጁም ቀን እየበረረ ነው። አንዳችንም አናነሣውም።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ያዘኝ። ሰዒድ ስልኩን ከፍቶ ጊታሩን እስኪያነሣ ድረስ፣ ጨርሶም እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት ጊዜ አለ። ከድስት ላይ ክዳን ይነሣል። ዘይነባ «ሽንኩርቱን ማን ወሰደው?» ትላለች። ምንጣፍ ላይ እግር ይጎተታል። ደረጃ ላይ አንድ ጎረቤት «ያ ሰዒድ!» ብሎ ይጣራል፤ ሰዒድ «ጠይብ፣ ጠይብ» ብሎ እሺ ይለዋል። መጀመሪያ እነዚህን እየዘለልኩ ጊታሩን አዳምጥ ነበር። በኋላ ጊታሩን እየዘለልኩ እነዚህን ማዳመጥ ጀመርኩ። ወጥ ቤቱ በስተግራ ነው። ሳሎኑ ሰፊ አይደለም። ከወጥ ቤት የሚመጣ ሰው ሳሎን ሲደርስ እርምጃው ይታፈናል።

«ምንጣፋችሁ ወፍራም ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

ሰዒድ «አንተ ሰውዬ፣ የምትመርጠው አምፕሊፋየር ነው ወይስ ቤት?» አለኝ።

የበገናው ምሥጢር የተገለጠው ሙቀቱ አናት በሚበሳ ቀን ነው። የዚያን ቀን የመጡት ሦስት ቅጂዎች ሦስቱም በገና ነበራቸው። ንቡም በገና፣ የብረት አልጋውም በገና። ግራ ገብቶኝ ደወልኩ። ሰዒድ ሰማኝና መሣቅ ጀመረ፤ ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

«ያ በገናህ ሙከይፉ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «የመጀመሪያ ዕለት ሁለተኛውን ስቀዳ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘይነባ ቅጂው እንዲጠራልህ ብላ ስታጠፋው ሰነበተች። ዛሬ ሙቀቱ ቢብስባት አበራችው።»

የመካን ሙከይፍ ሁሉ ሲጠግን የኖረ ሰው የራሱን ሳይጠግን ሊሄድ ነው።

«እንግዲያው ሙከይፉን ስጠኝ» አልኩት።

«የአከራዩ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ዘይነባ ራሷ ደወለች። ዘይነባ ስትደውል ሰላምታዋ ረጅም ነው፤ ጤናህን፣ ሥራህን፣ አገር ቤት ያሉትን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ያን ቀን አልጠየቀችም።

«ወንድምዬ፣ ቀኑ እያለቀ ነው» አለችኝ። «ልጆቹን ዳርኩ፣ ዕቃዬን በካርጎ ሸኘሁ፣ ባዶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ትኬት ቁረጥ ስለው ‹ወዳጄ አልመረጠም› ይለኛል። ሲጠይቅህ ደግሞ ‹አንዴ ድገምልኝ› ትላለህ አሉ።»

«ዘይነባ፣ ነገሩ እኮ ድምፁ…»

«ድምፁን ተወው! እሱ መሄድ ፈርቷል፣ አንተ መቅረት ፈርተሃል። ፍሩ። ወንድ አይፈራም አላልኩም። ግን ሁለታችሁ እስክትደፍሩ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሹመይሲ ግቢ ልጫን?»

ከነጋዴም፣ ከፈላስፋም፣ ከካህንም ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ፤ እውነቱን ከሚናገር ሰው ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ ግን የትም አላነበብኩም።

«ጥቁሩን» አልኩ። «ጥቁሩን መርጫለሁ በይው።»

«ጥቁሩ ስንተኛው ነበር?»

«አላውቅም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እንደታዘበችኝ ድምፅዋ ያስታውቃል።

ትኬቱ ተቆረጠ። ሰዒድ ጥቁሩን በመኪናው ጭኖ ወደ ማደያችን መጣ። ሁለት ሽበታም ሰዎች አንድ ጥቁር ሣጥን ከመኪና ወደ መኪና እያቃሰትን ስናሻግር ያየ ማንም ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ቦታው ደግሞ ሹመይሲ ነው። የፖሊስ መኪና መጥታ አጠገባችን ቆመች። አንድ ወጣት ፖሊስ ወርዶ መጀመሪያ ኢቃማችንን፣ ቀጥሎ ሣጥኑን አየ።

«ኤሽ ሃዛ?» አለ። ይሄ ምንድን ነው?

ሰዒድ በዚያ እኔን ባሸነፈበት ዓረብኛው አስረዳው። ፖሊሱ አላመነም። «አሰማኝ» አለ። ሻይ ሻጩ ከሱቁ ገመድ ዘረጋልን። ሰዒድ ከኋላ ወንበር ጊታሩን አወጣ፤ «ለመፈተሽ» ይዞት መጥቶ ኖሯል። ጌይኑን ወደ ቀኝ አዞረና አንዴ መታው።

ነዳጅ የሚቀዳው ሰው እጁ ላይ ያለውን ጣለ። አንድ ጭነት መኪና ፍሬን ያዘ። ፖሊሱ ሁለቱንም ጆሮውን ይዞ እስኪያባራ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱ በሐዘኔታ ተሞላ። እጁን በሰዒድ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«ኸርባን» አለው፤ ተበላሽቷል። «ማዕሌሽ፣ አይዞህ። ጠጋኝ ፈልጉለት።» ኢቃማችንን መልሶ ሄደ።

እኛ መሬት ላይ ተቀምጠን እስክናለቅስ ሣቅን። ሰዒድ እንባውን ሲጠርግ፣ «በል አሁን ንገረኝ፤ በጆሮህ ሰማኸው። እንዴት ነው?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር። አልወደድኩትም። ሜዳ ላይ፣ ያለ ግድግዳ፣ ያለ ድስት ክዳን፣ ያለ ሽንኩርት፣ የሆነ የሚጮህ ሣጥን ነበር። «ግሩም ነው» አልኩት። ሰዒድ ዓይኔን አይቶ እንዳልሆነ አወቀ፤ ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። በአማርኛ ነበርና የምንነጋገረው።

ስንሰነባበት «ቤትህን ሳላየው ሄድክ» አልኩት።

«ያኛው ቤትማ የአከራይ ነው» አለኝ። «የእኔን ና እና እይ።»

አንዱ አፍንጫ ወደ ጅዳ፣ አንዱ ወደ መካ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከኮምቦልቻ ቅጂ ደረሰኝ። «አዲሱ ክፍል። ቀዩ። ፍረድ» ይላል። ከፈትኩት። ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ቆርቆሮው ይሰማል። ሰዒድ ጥቂት ነካካና ቆመ፤ ከዚያ አንድ ዜማ ጀመረ። እኔ በሕይወቴ ሲፈትሽ እንጂ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ዜማው እየሰፋ፣ ቀዩም እያጓራ ሄደ፤ መሀል ላይ ድንገት ያ ሁሉ ጩኸት ተቆርጦ ጠፋ። ጊታሩ ብቻውን፣ እንደ ሲባጎ ቀጥኖ፣ ትንሽ ቀጠለ።

«መብራት ሄደ» የሚል የዘይነባ ድምፅ መጣ። «ተወው እንግዲህ። ይልቅ መቼ እንደሚመጣ ጠይቀው።»

«እየቀዳሁ ነው፣ ይሰማሻል።»

«ይስማኛ! ወንድምዬ፣ እዚህ ኬላ የለም። ጫማህን ብቻ አውልቀህ ግባ።»

ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ። እንደገና ከፈትኩት፤ እንደገና። ከፊሌ፣ ማለት አሠሪዬ፣ ፈቃድ አይከለክለኝም፤ ብጠይቀው ይሰጠኛል። አልጠየቅሁትም። አገሬ ከገባሁ ዘመን ሆኗል። ጥቁሩን ማደያዋ ላይ በጆሮዬ ከሰማሁ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ያስፈራኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ቅጂውን ቢሆንስ? ሄጄ ፊት ለፊት ቆሜ ስሰማው «ግሩም ነው» ማለት ቢመጣብኝስ? ያኔ ልገባበት የማልችለው ቤት በጣም ቅርብ ነበር። አሁን ልገባበት የምችለው ቤት ባሕር ማዶ ነው። ከሰሌዳው ጋር ተስማምቼ መኖር እችል ነበር፤ ሰሌዳ ለሌለበት መንገድ ግን ምን ሰበብ ይገኛል?

መልስ መጻፍ ነበረብኝ። ጽፌ አጠፋሁ፤ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦

«ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ በዝቷል። ቀንሰህ አንዴ ድገምልኝ።»